ሲላላ ሰፊ፣ ሲጠብቅ ሰፊ

አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ ደግሞ በገዛ እጇ፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ልብስ፣ ጭረት፣ ልብስ፣ ጭረት፣ አንድ ሙሉ ክረምት ቁጭ ብላ ከአጎቷ መጽሐፍ ውስጥ ልብስ የሚለውን ቃል ስትለቅም ነው የከረመችው፣ ልብስ ሰፊው ገባ፣ ልብስ ሰፊው ወጣ፣ ልብስ ሰፊው ሻይ ጠጣ፣ ኧረ ምን ነክቶት ነው፣ ገጽ አራት ላይ ልብስ እንደሚሰፋ የገባው አንባቢ ገጽ ሁለት መቶ ላይ ጫማ ይሰፋ ይሆን ብሎ ይጠራጠራል እንዴ፣ ሰፊው ይበቃል ብላ፣ ሰፊው ገባ፣ ሰፊው ወጣ፣ እንዴት ቀለል እንዳለ፣ እንዴት እንደሚፈስ፣ በሥራዋ እንዴት እንደኮራች አሁን ስታስበው ፊቷ ይግላል። ሃያ ስድስት ዓመት አርታኢ። የሰው ጽሑፍ ስትከረክም የኖረች፣ ደራሲዎቹ ከኋላዋ መቀሷ የሚሏት፣ የማታውቅ ይመስላቸዋል፣ ታውቃለች፣ እንዲያውም ደስ ይላት ነበር፣ ይኸው መቀሷ ቆርጣ ቆርጣ አጎቷ ላይ ደረሰች። አርባ አራት።

አግዳሚው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፣ በተነቃነቀች ቁጥር ይንቋቋል፣ በተንቋቋ ቁጥር አጠገቧ የተቀመጠው ጠበቃ ቀና ብሎ ያያታል፣ ልጅ ነው፣ ማተሚያውን ከፍሎ መጽሐፉን ያሳተመው ድርጅት የቀጠረው፣ የእሷም አለቆች ናቸው፣ ክራቫቱ አንገቱን አሸንፎታል፣ እትዬ ይረጋጉ ይላታል። ትረጋጋለች፣ ምን ሆና አትረጋጋም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ኮሪደር ውስጥ ስትረጋጋ አይደል የቆየችው፣ አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ በሩ ላይ የኅትመት ቁጥጥር ክፍል የሚል ተለጥፏል፣ ከሥሩ ደግሞ ባለጉዳይ ተራውን ጠብቆ ይግባ። ጠብቆ። አላልተው ሲያነቡት መጥበቅ ነው፣ አጥብቀው ሲያነቡት መጠበቅ ነው፣ እንደ ብሎን ጠብቆ ይግባ ወይስ ቁጭ ብሎ ቆይቶ ይግባ፣ ይኼን ማን ከሰሰ፣ እዚሁ በራቸው ላይ ለጥፈውት ማን ወደ ወረቀት ፋብሪካ ላከው። ተይ አንቺ ሴትዮ፣ የመጣሽው ማስታወቂያ ልታርሚ አይደለም። አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት።

ጣጣው ሁሉ ይኸው ነው እኮ፣ ፊደላችን መላላትና መጥበቅን አያሳይም፣ ሰፊ ብለው ሲጽፉት አላልቶ ያነበበ ሰው መርፌና ክር የያዘ ባለሙያ ያያል፣ አጥብቆ ያነበበው ሜዳ ያያል፣ ዕድሜ ልኩን ሰፊው ሕዝብ፣ ሰፊው ሕዝብ ሲባል ጆሮው የደነዘዘ ደግሞ ሰፊው ብለው ሲተዉለት ሕዝቡን ከራሱ ይጨምርበታል። ደብዳቤውን በቃሏ ይዛዋለች፣ አሥር ቀን ሙሉ ከጠዋት ቁርስ እስከ ማታ መኝታ ስታነበው ለምን አትይዘውም፣ ኪስ የሌለው ኮት በተሰኘው መጽሐፍ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት የመጨረሻ መስመር ላይ ሰፊው ለካ ቆረጠ ተነሳ በሚል የሰፈረው ዐረፍተ ነገር ሰፊውን ሕዝብ ለሁከት የሚያነሳሳ ሆኖ በመገኘቱ፣ በማተሚያ ቤቱ መጋዘን ያሉት አንድ ሺህ አምስት መቶ ቅጂዎች ታግደው፣ አሳታሚው በአሥር ቀናት ውስጥ አጥጋቢ ማብራሪያ ካላቀረበ ቅጂዎቹ በወረቀት ፋብሪካ እንዲፈጩና ጸሐፊው በሕግ እንዲጠየቅ የሚደረግ መሆኑን በጥብቅ እናስታውቃለን። በጥብቅ። አሥረኛው ቀን ዛሬ ነው፣ ቢሮው ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ ቢቀርብም አይቀርብም ያው ነው።

ደግሞ ነጠላ ሰረዞቿን ሰርቀዋታል። ሰፊው ለካ፣ ቆረጠ፣ ተነሳ፣ እንዲህ ነበር እኮ የታተመው፣ ሁለት ነጠላ ሰረዝ በሥርዓት ተቀምጦበት፣ ሰውዬው ሜትሩን ይዞ ለካ፣ መቀሱን ይዞ ቆረጠ፣ ከበርጩማው ተነሳ፣ አለቀ፣ ነጠላ ሰረዞቹን አውጥተው ሲያነቡት ግን ለካ ያ ሜትሩ ቀርቶ ለካስ ይሆናል፣ ሰፊው ለካ ቆርጦ ኖሯል፣ ተነሳ። ይኼንን ለጠበቃው ስትነግረው ራሱን እየነቀነቀ ሰማትና እትዬ፣ ነጠላ ሰረዝ ይዘን ብንገባ ይስቁብናል አላት። ይሳቁ። ሁለት ነጠላ ሰረዝ የሰረቀ ሰው ነው ሊስቅ የሚገባው ወይስ የተሰረቀ፣ ደሟ ይፈላል፣ ሰባ ሁለት፣ የቱ ጋ ደርሳ ነበር፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ ሦስት።

የምትቆጥረው ጠበቃው ይቁጠሩ ስላላት ነው። እሱ የያዘው መላ ሌላ ነው፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሐሳብን ነው ይላል፣ ጸሐፊው በሐሳቡ ልብስ ሰፊ እንጂ ሕዝብ እንዳልነበረ ካሳየን ክሱ ይወድቃል፣ በእጁ የጻፈውን ይዘን እንገባለን፣ ልብስ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ይላል ከዳር እስከ ዳር፣ ልብስን ያወጣችው አርታኢዋ ናት፣ ይኸው ቀይ ጭረቷ፣ የሙያ ስህተት ነው፣ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከማኅደርዎ ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ በላይ አይነካዎትም፣ ስንት ጊዜ እንዳወጡት በቁጥር ብናቀርበው ጥሩ ነው። የሙያ ስህተት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ስሟ ከስህተት ጋር ተጽፎ አያውቅም፣ አንድ ጊዜ ብቻ በአንድ የሒሳብ መማሪያ ሽፋን ላይ ሒሳብ በሁለት ዓይነት ሐ ወጥቶባት ሦስት ቀን እህል አልወርድላት ብሎ ነበር፣ አሁን በማኅተም ይጻፍባታል። ይጻፍ። እሱ ይዳን እንጂ ይጻፍ፣ ደግሞስ ውሸት አይደለም፣ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ፣ አርባ ዓመት የሰፋን ሰው ልብስ አታብዛ ያለችው ማን ሆነና።

መቶ ዘጠኝ፣ መቶ አሥር፣ ጭኗ ላይ አምስት ደብተር አለ፣ የልክ መያዣ ደብተሮች ናቸው፣ አጎቷ ልብ ወለዱን የጻፈው በደንበኞቹ ልክ ጀርባ ላይ ነው፣ በእርሳስ፣ አንዱ ገጽ ላይ ልብስ ሰፊው በሩን ከፈተ ይላል፣ ገለጥ ስታደርገው ደረት ዘጠና ስድስት፣ ወገብ መቶ አራት፣ እጅጌ አጠር ይበል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ አባቷ ከሞተ በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን በየዓመቱ የሰፋላት እሱ ነው፣ ከታች አንድ ስንዝር እጥፋት ይተውላታል፣ ልጅ ያድጋል ጨርቅ አያድግም እያለ፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ የሚለው ግማሹ አይሰማም፣ አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ የሚለው ብቻ ስፒል ቢኖርም ባይኖርም ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። አሁን አንድ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፣ ሌላውም ደክሟል፣ መርፌ ቀዳዳ አይታየውም፣ መስፋቱን ሲተው ነው መጻፍ የጀመረው፣ ትናንት ደወለላት፣ ምን አሉሽ ሚጢ አላት፣ አርባ ስምንት ዓመት ሞልቷት ዛሬም ሚጢ ነው የሚላት፣ ነገ እንጨርሳለን ጋሼ አለችው፣ እኔ ማንበቡንስ አላነበውም፣ ሽፋኑን ልዳስሰው ነው እንጂ አለ። ሽፋኑን ልዳስሰው። በስልክ ማልቀስ ስለማትወድ ኔትወርኩ ተቋረጠ ብላ ዘጋችበት።

መቶ ስልሳ፣ አንድ ሴትዮ ከበሩ ወጣች፣ ፖስታዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፣ ተራ ቁጥር አምስት አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ፣ የእነሱ ሰባት ነው፣ መቶ ስልሳ አንድ፣ ኮሪደሩ የዘይት ቀለም ይሸታል፣ አሁን ይኼ መጽሐፍ ምን ያስፈራል፣ አንድ ሰፊ ለአንድ ትልቅ ሰው ሠላሳ ዓመት ኮት ይሰፋለታል፣ በየዓመቱ ሰውዬው ይወፍራል፣ በየዓመቱ ኪስ ጨምርልኝ ይላል፣ አራት ኪስ፣ ሰባት ኪስ፣ አሥራ አንድ ኪስ፣ በመጨረሻ ሰፊው ኪስ የሚባል ነገር የሌለበት ኮት ሰፍቶ ይሰድለታል፣ ይኸው ነው፣ ስለ ኮት ነው። ስለ ኮት ነው ስትል ያነበበችው እሷ ናት እንግዲህ፣ መቀሷ፣ ያልተባለውን አታንብቡ እያለች ስንቱን ወጣት አርታኢ ያስጨነቀች፣ የመጨረሻውን መስመር ስታነብ የታያት አንድ የደከመው ሽማግሌ ሥራውን ጨርሶ ሲነሳ ነው፣ እንዲያውም አዝና ነበር፣ ነጠላ ሰረዙንም ኋላ በማተሚያ ቤቱ እርማት ላይ ያስገባችው ከሐዘኗ ነው፣ ቀስ እንዲል። ሁለት መቶ ሁለት።

ያኔ ግን አንድ ነገር ነበር። ሁለት መቶ ሦስት፣ ያረመችውን ወስዳ ያነበበችለት ቀን፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጣት ቆየና፣ ልብስ የት ሄደ አላት፣ አወጣሁት ጋሼ፣ ይደጋገማል፣ ሁሉንም አወጣሽው፣ ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አዎ ከመጀመሪያው፣ ከዚያ አይ፣ አንቺ ካልሽ አለና ሳል ሳይኖርበት ሳለ። ደራሲ ሁሉ ለቃሉ ይሳሳል፣ እሱም እንደሌሎቹ መሰላት፣ ትንሽ ቆይቶ ይለምደዋል ብላ ወጥታ ሄደች፣ እንዲያውም በሩ ጋ ስትደርስ ፈገግ ብላ ነበር፣ ጋሼም ደራሲ ሆነ ብላ። አሁን ያ ሳል ለምን ትዝ አላት። ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ተራ ቁጥር ስድስት ገብቷል፣ ጠበቃው ተነስቶ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስልክ ያወራል፣ አዎ ዛሬ ያልቃል፣ አርታኢዋ ታምናለች ይላል፣ ታምናለች፣ ነፍስ የገደለች ነው የምትመስለው፣ ሁለት መቶ ዘጠና፣ አምስተኛው ደብተር፣ ሦስት መቶ፣ ጽሑፉ እዚህ ላይ እየተንጋደደ ሄዷል፣ ዓይኑ እየደከመ ነበር፣ ሦስት መቶ አሥር፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ፣ ልብስ ሰፊው መብራቱን አጠፋ፣ ጭረት፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ የመጨረሻው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር፣ ሦስት መቶ አሥራ

የለም።

ቀይ ጭረት የለም። ልብስም የለም። ሰፊው ለካ ቆረጠ ተነሳ፣ በእርሳስ፣ ነጠላ ሰረዝ የሌለበት፣ መስመሩ ከኅዳጉ ቀጥሎ ሰፊው ብሎ ይጀምራል፣ ከፊቱ ምንም የለም፣ ተፍቆም እንደሆነ ብላ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሳዋለች፣ ላጲስ የነካው ወረቀት ይሳሳል፣ ይኼ አልሳሳም፣ ገልጣ ታየዋለች፣ ከጀርባው ደረት መቶ ሁለት፣ ወገብ መቶ አሥር፣ መልሳ ትገልጠዋለች፣ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ልብስ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ሲል ኖሮ፣ አንድም ቀን ሳይረሳ፣ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ልብስ ሰፊው ሲል ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርቃኑን አወጣው።

አይ ጋሼ። አይ አንተ ሰው።

ስፒል በከንፈሩ ይዞ የሚያወራ ሰው፣ ግማሹ የማይሰማ፣ ለካ እያወቀ ነው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ገጽ ሙሉ ሲያለብሰው ኖሮ መጨረሻው መስመር ላይ ሊገፈው፣ አንባቢ እዚያ ሲደርስ እግሩ እንዲደናቀፍ፣ ልብሱስ ብሎ እንዲጠይቅ፣ እና እሷ ምን አደረገች፣ ሁሉንም ገፈፈችው፣ ሁሉም እርቃኑን ሲሆን ማን ማንን ያያል፣ ልብስ የት ሄደ ሲላት ይኼን ነበር የጠየቃት፣ ያ ሳል ይኼ ነበር፣ እሷ ደግሞ በሩ ጋ ፈገግ ትላለች። ሐፍረት ነው የሚሰማት፣ ከሐፍረቱ ጋር ንዴት፣ ለምን አይነግራትም፣ ሚጢ ይኼ እንዲህ ነው ማለት ምን ይከብዳል፣ ከንዴቱም ጋር አንድ የማታውቀው ኩራት፣ የእናቷ ወንድም፣ ስድስተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው፣ አንድ ቃል ሳይጽፍ የጻፈ። ከዚያ ደግሞ ብርድ። እጇ ላይ ያለው ማስረጃ ነው እኮ፣ ጠበቃው ይዘን እንገባለን ያለው፣ ልብስ ሰፊው ከዳር እስከ ዳር ሊያሳይለት፣ ውስጥ ያለው ሹም የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣል፣ የሚገልጠው እሱን ነው፣ የከሰሰው መስመር እሱ ስለሆነ፣ ቀይ ጭረት የለም፣ ልብስ የለም፣ የአርታኢ ስህተት የለም፣ ሐሳብ ነው፣ ሕጉ የሚጠይቀው ሐሳብን ነው።

ደብተሩን ትታ ብትገባስ፣ ማስረጃ እናቀርባለን ብለው በደብዳቤ ጽፈዋል፣ ጠበቃው ነው የጻፈው፣ አምስት ደብተር ብሎ፣ አራት ይዛ ብትገባ አምስተኛው የታለ ይላሉ፣ ለጠበቃው ብትነግረው ልጅ ነው፣ ይደነግጣል፣ ፊቱ ያስበላቸዋል። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ቀዩ እስክሪብቶ አለ፣ እርሳስም አለ፣ አርታኢ ያለ እርሳስ ከቤት አይወጣም፣ የአጎቷን እጅ ጽሑፍ ከራሷ በላይ ታውቀዋለች፣ ብ ላይ እግሯን ወደ ውስጥ ይሰብራታል፣ ስ ስትጨርስ ትንሽ ትወድቃለች፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያየችው ነው፣ ኅዳጉ ላይ ቦታ አለ፣ መስመሩ እንደተንጋደደ አንጋድዳ ትጽፋለች። ል። ብ። ስ። በዚህ ሁሉ ዓመት ለሰው ጽሑፍ ቃል ስትጨምር የመጀመሪያዋ ነው። ቀዩን ታነሳለች። ጭረት። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት። ወንበሩ ይንቋቋል፣ ጠበቃው ከወዲያ ጫፍ ዞሮ ያያታል፣ ቆጥሬ ጨረስኩ ትለዋለች።

ተራ ቁጥር ሰባት። ሹሙ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ ሰው ነው፣ አርባ ቢሞላው፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ፣ አንድ የውሃ ጠርሙስ፣ ኪስ የሌለው ኮት ከነአዲሱ ሽታው፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ቁራጭ ወረቀት ገብቶበት፣ ሌላው ገጽ ተገልጦም አያውቅም፣ ያልተገለጠ መጽሐፍ ጀርባው ያስታውቃል፣ አንብበውታል ወይ ትለዋለች ሳታስበው፣ ጠበቃው በክርኑ ይነካታል፣ ሰውዬው ሳይቆጣ እኔ ጋ መስመሯ ናት የመጣችው ይላል፣ ጊዜ የለንም እኮ፣ በወር ስንት መጽሐፍ እንደሚመጣ ያውቃሉ። መስመሯ። አንድ ክረምት የፈጀ ሥራ፣ የአንድ ሰው ግማሽ ዓይን፣ መስመሯ። ጠበቃው ያወራል፣ ሐሳብ፣ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ጊዜ፣ ሰውዬው አምስተኛውን ደብተር ይጎትትና እንደፈራችው ከኋላው ይገልጠዋል። ያያል። ደብተሩን ወደ ዓይኑ ያቀርባል። እሷ የወገብ ልክ መቶ አሥር፣ የወገብ ልክ መቶ አሥር እያለች በሆዷ ትደግማለች፣ ጸሎት የሚመጣላት አጥታ።

ይቺን ቃል ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ይላታል።

እኔ ነኝ።

ለምን።

ትደጋገማለች፣ ትላለች፣ የተደጋገመ ቃል አልወድም፣ ሙያዬ ነው። ሰውዬው ደብተሩን አስቀምጦ የታተመውን ያነሳል፣ ቁራጭ ወረቀቷን ያወጣና መጽሐፉን ወደ እሷ ያዞረዋል።

እስቲ ያንብቡልኝ፣ ድምፅ አውጥተው።

ይኼን አላሰበችም። ወረቀት ይደብቃል፣ አፍ አይደብቅም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እዚህ መላላት ወይ መጥበቅ አለበት፣ መሐል ላይ የለም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወረቀት ላይ ተደብቃ የኖረች ሴት አንድ ፊደል አላልታ ማንበብ አለባት፣ ደግሞ ከአንድ ሩብ ሰዓት በፊት የገባት ነገር ምላሷን እያጠበቀው፣ ሰፊው፣ ሰፊው፣ በሆዷ ሁለቱንም ትሞክረዋለች፣ እንዴት ነበር ሳታውቅ የምታነበው፣ ሳታውቅ ቀላል ነበር። አጎቷን ታስበዋለች፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በርጩማው ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ሕዝብ አይደለም፣ ዩኒፎርም የሰፋላት አንድ ሰው። ሰፊው፣ ትላለች፣ ላላ፣ ለስላሳ፣ ለካ፣ ትንፋሽ፣ ቆረጠ፣ ትንፋሽ፣ ነጠላ ሰረዞቿን አንድ በአንድ እያነበበች፣ ተነሳ። ከሁለቱ ስልኮች አንዱ ይጠራል፣ ሰውዬው አያነሳውም።

እሺ፣ ይላል በመጨረሻ፣ አሁን ሲያነቡት ልብስ ሰፊ ነው፣ ግን ሁሉም አንባቢ ጋ ሄደው አያነቡለትም። ከዚያ የቢሮ ቋንቋው ይመጣል፣ እየተናገረ ራሱ ይጽፈዋል፣ በአርታኢዋ ቸልተኝነት የተሰረዘው ልብስ የሚለው ቃል በተጠቀሰው መስመር ላይ በእያንዳንዱ ቅጂ በእጅ ጽሑፍ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ይህ ሲፈጸም እገዳው የሚነሳ መሆኑን፣ ለአርታኢዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ። ሌሎቹ ገጾችስ ይላል ጠበቃው፣ ሌሎቹ ምንም አላሉም፣ ሻይ ጠጣ ነው የሚለው፣ ይተዉት። ብዕሩን ሊያስቀምጥ ይልና መልሶ ያነሳዋል፣ በቀይ ይሁን፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሁሉንም እያነበበ ጊዜ እንዳይፈጅ፣ ገና ሲገልጠው እንዲታየው።

በቀይ። አፏ ሊከፈት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስህተት እያየች ዝም ብላ አታውቅም፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፣ ጌታዬ፣ እንዲህማ አይደረግም፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ገጽ ሙሉ ሰፊው ሰፊው ሲል የመጣ አንባቢ መጨረሻ ላይ ልብስ የሚል በቀይ፣ በእጅ፣ ከኅዳጉ ላይ ሲያገኝ ምን ይላል፣ ሰፊው ልብስ ሰፊ መሆኑ ጠፍቶት የኖረ ማን አለ፣ ለምን እዚህ ጋ አስፈለገ አይልም ወይ፣ ማን ጻፈው፣ ምን ሌላ እንዳላነብ ነው አይልም ወይ፣ አንብቦ ያለፈው ሳይቀር ተመልሶ አጥብቆ ያነበዋል፣ ይኼ መጥፎ እርማት ነው ጌታዬ፣ በጣም መጥፎ እርማት ነው። ዋጥ ታደርገዋለች። እሺ ጌታዬ፣ በቀይ ትላለች፣ ሰውዬው ማኅተሙን ያሳርፋል፣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃው ተገላገልን እትዬ እያለ ክራቫቱን ይፈታል።

መጋዘኑ ውስጥ ቀለምና ካርቶን ይሸታል፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ በሃምሳ በሃምሳ ታስሮ፣ የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ ወንበር አምጥቶላት ሄዷል፣ አንድ ካርቶን ቀይ እስክሪብቶ ገዝታ መጥታለች፣ ከመጀመሯ በፊት ትደውላለች። ጋሼ፣ ተለቀቀልህ። እሰይ፣ እሰይ ይላል፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ። ልብስን መልሱ አሉ። የቱን ልብስ ይላታል፣ የመጨረሻዋን ብቻ። ጋሼ፣ የመጨረሻዋን እኔ አይደለሁም ያወጣኋት። አውቃለሁ ይላል። ለምን አትነግረኝም ታዲያ፣ ድምፅዋ ሳታስበው ይጮሃል፣ መጋዘኑ ይመልስላታል። አንቺ ነሽ አዋቂዋ፣ አንቺ ካላየሽው ማንም አያየውም ብዬ ተውኩት፣ ለካ አንድ የሚያይ ሰው ነበር። ሰውየው አላነበበውም ጋሼ፣ መስመሯን ብቻ ነው። ሳቅ ይጀምረዋል፣ ያ ሳል የሚመስለው፣ መስመሯ ነበረች እኮ ይላል።

በቀይ ጻፉት አሉ፣ ትለዋለች። በምን አልሽኝ። በቀይ፣ በእጅ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶው ላይ።

ሚጢ፣ ይላታል፣ እኔ ሌላውን አልብሼ እሱን እርቃኑን ላወጣው ነበር። እነሱ ሌላውን እርቃኑን ትተው እሱን ቀይ አለበሱት። ያው ነው የኔ ልጅ፣ እንዲያውም ይበልጣል፣ ቀይ የለበሰ ሰው ሕዝብ መሐል አይጠፋም።

አንድዬ ሲጣላም ሳይደግስ አይጣላም አሉ። ስልኩን ታስቀምጣለች፣ የመጀመሪያውን እስር በመቀስ ትቆርጠዋለች፣ አንዱን ታነሳለች፣ ጀርባው ገና አልተሰበረም፣ ይኼ ለጋሼ ነው፣ ማታ ይዳስሰዋል፣ በጣቱ ሲሄድበት ቀለሙ እንዲሰማው ተጭና ትጽፈዋለች፣ ብ ላይ እግሯን ወደ ውስጥ ትሰብራታለች፣ መጨረሻው ገጽ፣ መጨረሻው መስመር፣ ከሰፊው ፊት፣ ከሩቅ እንዲታይ፣ ልብስ። አንድ።